ስለ ሮማውያን የነሐስ ገንዘብና በላዩ ስለ ተቀረጸው መልክ

ስለ ግብር ሊፈትኑት የመጡትን ሰዎች ጌታችን በገንዘቡ ላይ ያለው መልክ የማን እንደ ሆነ በጠየቃቸው ጊዜ፥ ያሳዩት ዲናር የብር ነበረ። ድኻው በየገበያው ይዞት የሚውለው ግን ነሐሱ ነው። በዚያ ዘመን ጋዜጣና ማተሚያ አልነበረምና፥ የሮም ነገሥታት ለሕዝቡ ሊነግሩ የወደዱትን በነሐሱ ላይ ያስቀርጹት ነበር። አዋጁን ያልሰማ ሰው መሐለቁን ያያል፤ ፊደል የማያውቅም ሥዕሉን ያስተውላል።

ከጌታችን ልደት በኋላ በ70 ዓመት ኢየሩሳሌም በጥጦስ እጅ በጠፋች ጊዜ፥ አባቱ ንጉሠ ነገሥት አስባስያኖስ በሚከተለው ዓመት ባሠራው ትልቅ የነሐስ ገንዘብ በአንዱ ፊት የራሱን መልክ፥ በሁለተኛው ፊት ከዘንባባ ሥር ተቀምጣ የምታለቅስ ሴት አስቀረጸ፤ ይሁዳ መማረኳንም በዙሪያው አስጻፈ። እንዲህም የአንዱ ሕዝብ ልቅሶ ለሌላው የእንጀራ መግዣ ሆነ።

የቆስጠንጢኖስ ገንዘብ ግን ከሁሉ ይልቅ ያስተምራል። በ312 ዓመት በሮም አጠገብ በሚልቪዮስ ድልድይ መክስንጥዮስን ድል ነሣ፤ በ313 ዓመትም ከሊቅንዮስ ጋራ ተስማምቶ ክርስቲያኖች በነፃነት እንዲያመልኩ ፈቀደ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጣዖት ከገንዘቡ የጠፋ ይመስለን ይሆናል። ነሐሱ ግን ሌላ ይመሰክራል፤ የማይሸነፈው ፀሐይ የንጉሡ ባልንጀራ መሆኑን የሚናገር፥ ጨረር የተቀዳጀ ጣዖትም የተቀረጸበት መሐለቅ እስከ 318 ዓመት ገደማ ይሠራ ነበር። በ327 ዓመት ገደማ በቁስጥንጥንያ በተሠራው ነሐስ ላይ ግን፥ በጫፉ የክርስቶስ ስም ምልክት ያለበት የንጉሡ ዓላማ እባብን ወግቶ ይታያል። ንጉሡ በ337 ዓመት ካረፈ በኋላም፥ ልጆቹ ባሠሩት ነሐስ ላይ ቆስጠንጢኖስ ተከናንቦ በአራት ፈረሶች ሰረገላ ሲያርግ፥ ከሰማይም እጅ ሊቀበለው ሲዘረጋ ተቀረጸ። ይህንንም ገንዘብ የቂሳርያው ኤጲስ ቆጶስ አውሳብዮስ የንጉሡን ታሪክ በጻፈበት መጽሐፍ አንሥቶታል። ሰረገላው ከአረማውያን ዘመን የቆየ ሥዕል ነው፤ የኤልያስን ዕርገት የሚያውቅ ክርስቲያን ግን በሌላ ዓይን ሊያየው ይችል ነበር።

በዚያው በአራተኛው መቶ ዓመት በአገራችን በአክሱም እንዲህ ያለ ነገር ሆነ። ንጉሥ ኢዛና አስቀድሞ ባሠራው ገንዘብ ላይ ክብ ምልክትና ጨረቃ ነበረበት፤ ካመነ በኋላ ግን በስፍራው መስቀል ተተካ። ከዚህም በኋላ በተሠራ አንድ የአክሱም ነሐስ ላይ ንጉሥ ከሚል ማዕርግ በቀር የንጉሡ ስም አልተጻፈም፤ በሁለተኛው ፊት ግን መስቀሉን ከብቦ፥ ይህ አገሩን ደስ እንዲያሰኝ የሚመኝ ቃል በግሪክ ተጽፎበታል። ሮም በነሐሷ ድልን ስታውጅ፥ አክሱም የሕዝቧን ደስታ ለመነች።

እንግዲህ በነሐስ ላይ ያለውን መልክ ለመለወጥ ድል ለነሣ ንጉሥ እንኳ ብዙ ዓመት ከፈጀበት፥ በሰው ልብ የተቀረጸውን ለመለወጥ የሚደክም መምህር ምን ያህል ትዕግሥት ያስፈልገው ይሆን?