ስሙ የእሷ፣ እጁ የእሱ

ሜኑ ስናገላብጥ ዓይናችን ቶሎ የሚያርፈው ዋጋው ላይ ነው። “ፒች ሜልባ” የሚል ጣፋጭ ካጋጠማችሁ ግን እስቲ ትንሽ ቆም በሉ። ከዚያች ስም ጀርባ አንዲት የኦፔራ ዘፋኝና ከሥራው የተባረረ አንድ ወጥ ሠሪ አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ዘፋኟ በ1861 አውስትራሊያ፣ ሜልበርን አካባቢ ስትወለድ ስሟ ሔለን ፖርተር ሚቸል ነበር። ለመድረክ የከተማዋን ስም አሳጥራ ወሰደችና ኔሊ ሜልባ ተባለች። ወጥ ሠሪው ፈረንሳዊው ኦጉስት ኤስኮፊዬ ነው። ለንደን ውስጥ በ1889 የተከፈተው የሳቮይ ሆቴል የወጥ ቤት አለቃ ነበር።

በ1890ዎቹ መጀመሪያ ሜልባ በኮቨንት ጋርደን የዋግነርን “ሎሄንግሪን” ተጫወተች። በዚህ ኦፔራ ጀግናው የሚመጣው ስዋን በሚጎትተው ጀልባ ነው፤ ስዋን ያ አንገተ ረጅሙ ነጭ የውሃ ወፍ ነው። ኤስኮፊዬ እንደተረከው፣ ለዘፋኟ ክብር ከበረዶ ስዋን አስቀረፀ፤ በክንፎቹ መሐል ቫኒላ አይስክሬም አደረገ፣ ኮክ ደረደረበት፣ እንደ ድር የተፈተለ ስኳርም አለበሰው።

ሜልባ ደግሞ በ1925 በወጣው የትዝታ መጽሐፏ ሌላ ነው የምትለን። ሳቮይ ውስጥ ብቻዋን ምሳ ስትበላ ኤስኮፊዬ የላከላት ሳህን መጣ፤ እሷ እንደምትለው ስሙም ከዚያ ተወለደ። በእሷ ትረካ ስዋንም ግብዣም የለም።

የማንን እንመን? እኔ ከሁለቱም ይልቅ ቀጥሎ የሆነው ይስበኛል። በ1898 ሳቮይ ኤስኮፊዬን በገንዘብና በዕቃ ጉድለት ከስሶ አሰናበተው። ሰውየው ሲወጣ የሆቴሉን ድስት ይዞ አልሄደም፤ ሙያው ግን አብሮት ወጣ። በ1899 በተከፈተው ካርልተን ሆቴል ያንኑ ጣፋጭ እንደገና ሠራው። የበረዶውን ወፍ ተወና በምትኩ የራስቤሪ ፍሬ ጭማቂ አፈሰሰበት። እኛ የምናውቀው ፒች ሜልባ ይኸኛው ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። የበሰለ ኮክ ለአፍታ በፈላ ውሃ ነክሮ መላጥ፤ ቫኒላ በገባበት የስኳር ሽሮፕ ለስለስ እስኪል መቀቀል፤ በደንብ ማቀዝቀዝ፤ ቫኒላ አይስክሬም ላይ ማስቀመጥ፤ በመጨረሻም ተፈጭቶ በወንፊት የተጣራ ራስቤሪ ማፍሰስ። አበቃ። ስዋኑ የሚያስፈልገው ቀራጭና ትልቅ ግብዣ ነበር። ይኼኛው ግን የሚሠራው እጅ ያለበት ሁሉ ይሠራል፤ ዘመን የተሻገረውም ለዚህ ይመስለኛል።

ሜልባ በ1931፣ ኤስኮፊዬ በ1935 አረፉ። የኦፔራ ወዳጅ ያልሆነ ሰው ዛሬ ሜልባን የሚጠራው አይስክሬም ሲያዝ ነው። የሠራውን ሰውዬ ስም ግን ሳህኑ አይነግረንም።

እኛም ቤት በልተን ስንነሳ “እጅሽ ይባረክ” ማለት እናውቅበታለን። ሬስቶራንት ስንገባ ግን ሒሳብ ከፍለን፣ ለአስተናጋጁ ጉርሻ ትተን ውልቅ ነው። ከመጋረጃው ጀርባ ያለችውን ሴትዮ ስሟን የጠየቀ ማን አለ?