እንግዳ ዛፍና ባላገር ዛፍ በአርማጭሆ ቆላ

የጎንደር ከተማ በነገሥታቱ ዘመን በግንቧ ብቻ ሳይሆን በዛፏም የታወቀች ነበረች። በ1762 ዓ.ም ወደ ጎንደር የገባው የስኮትላንድ ተወላጅ ጄምስ ብሩስ፥ በየቤቱ ዙሪያ ሁለትም ሦስትም ዋንዛ ተተክሎ እንደ ነበረ፥ ከተማዪቱም ከከፍታ ላይ ለሚመለከታት ደን ትመስል እንደ ነበረ ጽፏል። ዘመን በሚለወጥበት ሰሞን ዋንዛው በአንድ ሌሊት ሲያብብ፥ አገሩ ሁሉ ነጭ ሸማ የለበሰ መስሎ ታየው። ይህን ዋንዛ ከባሕር ማዶ ያመጣው የለም፤ የአገሩ ዛፍ ነው፥ ሰው ወደ ደጁ አቀረበው እንጂ።

ብሩስ በታኅሣሥ 1764 ዓ.ም ወደ አገሩ ለመመለስ ሲነሣ ወደ ስናር የወረደው ራስ ፊል በሚባለው ግዛት፥ ይኸውም ዛሬ መተማ በምትገኝበት ወገን ነው። የዚያ ግዛት ገዥነት በስም ለእርሱ ለራሱ ተሰጥቶት ነበረ። በ1881 ዓ.ም ዓፄ ዮሐንስ ከድርቡሽ ጋር ተዋግተው የወደቁት በዚሁ በመተማ ነው። ስለዚህም የዚያ ቆላ ስም ሲነሣ የሚታሰበው ጦርና ንግድ ነው፤ ስለ ዛፉ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

የኢትዮጵያ ሕዝብ እንግዳ ዛፍ በግቢው መትከልን በሰፊው የለመደው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም ከተቈረቈረች በኋላ የዙሪያዋ ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ ስላለቀ፥ ከተማዪቱን ትቶ ወደ አዲስ ዓለም መሄድ እስከ መታሰብ ደርሶ ነበረ። በ1887 ዓ.ም ገደማ ግን ከአውስትራሊያ ምድር የተገኘ ዛፍ መጣ፤ ቶሎ የሚያድግ፥ ሲቈርጡትም ከጉቶው የሚያቈጠቍጥ ነው። ሕዝቡ ባሕር ዛፍ ብሎ ሲጠራው እንግድነቱን በስሙ መሰከረ።

ነገር ግን ነጩ ባሕር ዛፍ የደጋና የወይና ደጋ ወዳጅ ነው። ከጎንደር ወርዶ አብርሃ ጅራ የደረሰ ሰው ሰሊጥ፥ ማሽላና ጥጥ የሚታረስበት ሙቅ አገር ያገኛል፤ በዚያ ግቢ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈለገው ጥላ ነው። ለጥላ ኒምን የሚያህል ጥቂት ነው። ኒም የሕንድ ዛፍ ሲሆን፥ እንግሊዞች ሱዳንን በሚገዙበት ዘመን፥ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፥ በካርቱም አጠገብ ተተክሎ በዓባይ ዳር ተስፋፋ። መራራው ቅጠሉ ከእህል ጋር ሲቀመጥ ነቀዝን ይከለክላል። ማንጎም የሕንድ ነው፤ ፓፓያና ቡገንቪላ ግን የአሜሪካ ናቸው። (በቡገንቪላ አበባ መስሎ የሚታየው ቀለማም ነገር ቅጠል መሆኑን ልብ የሚል ጥቂት ነው።)

የአገሩ ባለቤት የዕጣን ዛፍ ግን ከአጥር ውጭ ቀርቷል። ድንጋያማ ተዳፋት ይወዳል፤ ቅርፊቱ እንደ ወረቀት ይላጣል፤ በበጋ ቅጠሉን አራግፎ ባዶውን ቆሞ ሳለ ጥሩ ሽታ ያለው አበባ ያወጣል። ለደጅ ጌጥ የሚበቃ ነበረ፤ ነገር ግን ሰው ግንዱን አድምቶ ዕጣኑን ሊወስድ ወደ እርሱ ይሄዳል እንጂ እርሱን ወደ ቤቱ አያመጣውም። በየቤተ ክርስቲያኑ የሚታጠነው ዕጣን ከእንዲህ ያለው ዛፍ ነው።

የኢትዮጵያና የሆላንድ ሊቃውንት በመተማ ለምለም ተራራ ዛፎቹን መርምረው በ2004 ዓ.ም ባወጡት ጥናት፥ ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ በ50 ዓመት ውስጥ ከ10 ዛፍ 9ኙ እንደሚጠፋ፥ ዕጣኑም በ15 ዓመት ውስጥ በእኩሌታ እንደሚጐድል ገምተዋል። የሚያስደንቀው፥ ያልተደሙትም ዛፎች እንደ ተደሙት እየተመናመኑ መገኘታቸው ነው። ታላላቆቹ ቆመዋል፤ ታናናሾቹ ግን አይተኩም። የበቀለውን ችግኝ ከብት ይበላዋል፥ የበጋ እሳት ያቃጥለዋል፤ ታላላቆቹንም ጥንዚዛ ይቦረቡራቸዋል። ከዚህ በላይ ደኑ ለእርሻ ይመነጠራል።

የዕጣን ዛፍ ግን በዘር ብቻ አይራባም። ቅርንጫፉ ተቈርጦ ሲተከል ሥር ሊያወጣ እንደሚችል በፈተና ታውቋል። በዱር የታጣው፥ ከብት የማይገባበትና እሳት የማይደርስበት ስፍራ፥ በአብርሃ ጅራ በአጥር በተከበበ በማናቸውም ግቢ ይገኛል፤ ኒሙም ማንጎውም የጸደቁት በዚያው ነው። ቅርንጫፉ የሚቈረጠው በበጋ፥ ዛፉ ቅጠል ሳያወጣና ዝናብ ሳይጀምር ነው።