ማዮ (የአየርላንድ አውራጃ)
ማዮ በምዕራብ አየርላንድ፣ በኮናክት ክፍለ ሀገር ውስጥ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳርቻ የሚገኝ አውራጃ ሲሆን፣ ዋና ከተማው ካስልባር ነው። እ.ኤ.አ. በ1798 የፈረንሳዩ ጄኔራል ኡምቤር ወደ 1,000 የሚጠጉ ወታደሮችን ይዞ በኪላላ የባሕር ወሽመጥ ወርዶ፣ ከአካባቢው ዐማፅያን ጋር በመተባበር የእንግሊዝን ጦር ካስልባር ላይ ድል ቢያደርግም፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እጁን ለመስጠት ተገድዷል።

አውራጃውን ከዚህ ዘመቻ ይልቅ የለወጠው ግን ረኀብ ነው። ድኻው ገበሬ ከሞላ ጎደል በድንች ብቻ ይኖር ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1845 የጀመረው የድንች በሽታ ያስከተለው ዕልቂትና ስደት በ1841 ከ388,000 በላይ የነበረውን ሕዝብ በ1851 ወደ 274,000 ገደማ ዝቅ አድርጎታል።

በስትሬድ መንደር የተወለደውና ቤተሰቡ በልጅነቱ ከይዞታው የተፈናቀለበት ማይክል ዳቪት፣ እ.ኤ.አ. በ1879 ካስልባር ላይ የመሬት ሊግን፣ ማለትም የጭሰኞችን መብት የሚያስከብረውን ማኅበር፣ ከመሠረቱት አንዱ ነው። በማግሥቱ ዓመት የሎርድ ኧርን የርስት ወኪል ቻርልስ ቦይኮት የኪራይ ቅነሳ ጥያቄን ባለመቀበሉ ጎረቤቶቹ ከሥራም ከግብይትም አገለሉት፤ ሰብሉን ለመሰብሰብ ከሰሜኑ የኧልስተር ክፍለ ሀገር ለመጡት ሠራተኞች ጥበቃ የወጣው ገንዘብም ከሰብሉ ዋጋ እጅግ የላቀ ነበር፤ ስለዚህ የሰብሉ መሰብሰብ ለመንግሥት ትርፍ የሌለው ድል ነበር። በኋላም እ.ኤ.አ. በ1891 የተቋቋመው፣ ድኻ የምዕራብ ወረዳዎችን ያለማ የነበረው ቦርድ በ1899 ዲሎን የተባለውን ሰፊ ርስት ገዝቶ ለጭሰኞች አከፋፍሏል።