ጥይቱን ፍለጋ፦ የወገብና የአንገት ሕመም ምስል ታሪክ ከአበርገሌ ሲታይ



ገለጻዬን ከአንድ ዓመት እጀምራለሁ። ጥቅምት 29 ቀን 1888 ዓ.ም. ቪልሄልም ሮንትገን በጀርመን ቩርዝቡርግ ከተማ በኋላ በስሙ የተጠራውን ጨረር አገኘ። አራት ወር ሳይሞላ፣ የካቲት 23 ቀን፣ የዓድዋ ጦርነት ሆነ፤ የዋግም ሰው በዋግሹም ጓንጉል መሪነት ተሰልፎ ተዋጋ። ያው ዓመት ሳያልቅ ሌተና ኮሎኔል ጁሴፔ አልቫሮ የተባለ የጣሊያን ጦር ሐኪም በኔፕልስ ወታደራዊ ሆስፒታል፣ ከኢትዮጵያ ዘመቻ ቆስለው በተመለሱ ሁለት ወታደሮች ክንድ ውስጥ የቀረውን ጥይት በዚሁ ጨረር ፈልጎ አገኘ። ጨረሩ ለጦር ቁስለኛ ከዋለባቸው የመጀመሪያ አጋጣሚዎች አንዱ ይህ ነው። ጣሊያኖች ጨረሮችን «ራጂ» ይሏቸዋል፤ ዛሬ በሰቆጣ «ራጅ ተነሣሁ» የሚል ገበሬ የሚናገረው ቃል የመጣው ከዚያው ነው።

ይህን ያነሣሁት ስለ ቃሉ ብቻ አይደለም። በኔፕልስ የቀረበው ጥያቄ ግልጽ ነበር፦ ጥይቱ የት አለ? ምስሉም ግልጽ መልስ ሰጠ። ከመሣሪያው ጋር አንድ እምነት አብሮ ተስፋፋ፤ ሕመም ሁሉ በሥጋ ውስጥ የተሸሸገ አንዳች ነገር እንዳለው፣ ያ ነገር ከታየም ሕመሙ እንደሚገለጥ ማመን። የዛሬው ጭብጤ ይህ እምነት ለአብዛኛው የወገብና የአንገት ሕመም እንደማይሠራ፣ ዋጋውንም ከሁሉ በላይ የሚከፍለው ከማሽኑ እጅግ የራቀው ሰው መሆኑን ማሳየት ነው።

ራጅ አጥንትን በደንብ ያሳያል፤ ሕብለ ሰረሰርን፣ ነርቭንና በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለውን ዲስክ ግን አያሳይም። ይህን ክፍተት የሞላው ኤም አር አይ ነው። ፖል ላውተርበር እ.ኤ.አ. በ1973 የማግኔት መስክን ከቦታ ቦታ በማለያየት ምስል መሥራት እንደሚቻል አሳየ፤ ፒተር ማንስፊልድ ዘዴውን በሒሳብ አፋጠነው፤ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2003 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ማሽኑ የራጅ ጨረር አይጠቀምም። በኃይለኛ ማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ አማካይነት በሰውነታችን ውኃና ስብ ውስጥ ካለው ሃይድሮጅን የሚመለሰውን ምልክት ሰብስቦ ምስል ያደርገዋል።

ይህ ሁሉን የሚያሳይ ዓይን ግን አዲስ ችግር አመጣ። እ.ኤ.አ. በ1994 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የታተመ ጥናት የወገብ ሕመም የሌለባቸውን 98 ሰዎች በኤም አር አይ መረመረ። 52 በመቶ የሚሆኑት ቢያንስ በአንድ ቦታ ያበጠ ዲስክ ተገኘባቸው፤ ዲስኮቻቸው ሁሉ ጤናማ ሆነው የታዩት 36 በመቶ ብቻ ነበሩ። አንድም ቀን ወገቡን ያላመመው ሰው «ዲስክህ አብጧል» የሚል ወረቀት ሊይዝ ይችላል ማለት ነው። የዲስክ መድከም እንደ ሽበት ከዕድሜ ጋር ይመጣል። ስለዚህ በምስሉ ላይ የታየው ሁሉ የሕመሙ ምክንያት ነው ማለት አይቻልም።

አሁን ወደ አበርገሌ እንውረድ። በተከዜ ቆላ ፍየል የሚያረባ ሰው ወገቡን ያመዋል እንበል። ወጌሻ ታሽቷል፣ ዋገምት ተደርጎለታል፣ ጠበልም ገብቷል። ከዚያ አንድ ሰው «ኤም አር አይ ካልታየህ አይታወቅም» ይለዋል። ኤም አር አይ ያለው በትልልቅ ከተሞች ነው፤ ፍየሎቹን ሸጦ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ይሄዳል። የአደጋ ምልክት የሌለው የወገብ ሕመም ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ እየተሻለው ይሄዳል፤ የሚመከረውም በተቻለ መጠን መንቀሳቀስ እንጂ ተኝቶ መክረም አይደለም። ይህ ሰው በፍየሎቹ የገዛው ምናልባት የዕድሜውን ምስል ነው።

ሌላው ገጽታ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። እግሩ እየደከመ የሚሄድ፣ ሽንቱን ወይም ሰገራውን መቆጣጠር ያቃተው፣ በጭኖቹ መካከል የደነዘዘ ሰው ሳይውል ሳያድር መታየት አለበት። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ የክብደት መቀነስ ወይም የካንሰር ታሪክ ያለበትም እንዲሁ ሊዘገይ አይገባም። የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ በአገራችን የታወቀ በሽታ ነው፤ ከእንስሳትና ካልተፈላ ወተት የሚይዘው ብሩሴሎሲስም አከርካሪን ያጠቃል። እነዚህን ኤም አር አይ ከራጅ ቀድሞ ያሳያል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የመንገዱ ርቀት ሽባነት ሊያስከትል ይችላል። የፍትሕ ጥያቄው ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የማያስፈልገው ሰው ንብረቱን ሸጦ ሲሄድ፣ የሚያስፈልገው ሳይደርስ ይቀራል።

ሁለቱን የሚለየው ማሽኑ ሳይሆን በጤና ጣቢያ የተቀመጠ፣ የሚያዳምጥ፣ እግርን የሚፈትሽና በጊዜ ሪፈር የሚጽፍ ባለሙያ ነው። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ፤ በሽታውን የሚናገር ሰው ግን የሚሰማው ያስፈልገዋል። በዋግ ኽምራ ብዙ ሰው አፉን የፈታው በኽምጣኛ ስለሆነ፣ ማዳመጡ በዚያ ቋንቋ ጭምር መሆን አለበት።

በመጨረሻ ወደ ጥይቱ ልመለስ። በ2013 ዓ.ም. የጀመረው ጦርነት ዋግ ኽምራንም አበርገሌንም ክፉኛ ጎድቷል፤ በእንዲህ ያለ ጦርነት ከቆሰሉት መካከል ፍንጣሪ በሰውነታቸው የሚቀር ይኖራሉ። የኤም አር አይ ማግኔት የብረት ፍንጣሪን ሊያንቀሳቅስ ስለሚችል፣ በዓይን ወይም በሕብለ ሰረሰር አጠገብ ከሆነ አደጋው ከባድ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሰው ማሽኑ ክፍል ከመግባቱ በፊት መቁሰሉን መናገር፣ ባለሙያውም መጠየቅና ሲያጠራጥር አስቀድሞ ራጅ ማስነሣት ይገባዋል። ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ያው የ1888 ጥያቄ ተመለሰ፦ ጥይቱ የት አለ? ለዚህ ጥያቄ ምስል ሁነኛ መልስ አለው። ለሌላው ሕመም ግን ምስል ከማዘዛችን በፊት ምን እንደምንፈልግ እንወቅ።