የጅማው የአስም ጥናትና ኢንተርሉኪን 10

ጅማ በታሪክ ጽሑፎቻችን የምትጠቀሰው በቡናዋ፥ በሒርማታ ገበያና በጅሬን ቤተ መንግሥት ነው። ስለ አስም በሽታ በተጻፈው የሕክምና ታሪክም ውስጥ ስፍራ እንዳላት ግን ብዙ ሲነገር አይሰማም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1997 ዓ.ም. ኃይሌ የማነብርሃን ከባልደረቦቻቸው፥ ከነዚህም ከኤልድሪድ ፓሪና ከጆን ብሪተን ጋር፥ ላንሴት በተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት አንድ ጥናት አወጡ። ከጅማ ከተማ 9,844፥ ከገጠሩ 3,032 ሰዎች ተመርምረው ነበር። ደረቱ ሲር ሲር የሚልበት ሰው በከተማ ከመቶ አራት ገደማ ሲሆን፥ በገጠር ከመቶ አንድ ያህል ብቻ ተገኘ። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ የከተማ ጭስ ነው ተብሎ በታለፈ ነበር። የሚያስደንቀው ቀጥሎ ያለው ነው። በመኝታ አቧራ ውስጥ ከምትኖረው፥ በዓይን ከማትታየው ቅንቅን የተዘጋጀ ፈሳሽ ቆዳ ላይ ጠብ ተደርጎ በመርፌ ጫፍ ሲነካ፥ በገጠርም የብዙ ሰው ቆዳ አበጠ። ሆኖም በከተማ ቆዳው ያበጠ ሰው በደረቱ የመታመም ዕድሉ እጅግ የበዛ ሲሆን፥ በገጠር እንዲህ ያለ ዝምድና አልታየም። ሰውነቱ ቅንቅኒቱን ጠላት ብሎ እያወቃት ደረቱ ለምን ዝም አለ?

በ2001 ዓ.ም. የወጣው ሁለተኛው ጥናት ከነዚሁ 12,876 ሰዎች መካከል 205 ሕመምተኞችን ሕመሙ ከሌለባቸው 399 ሰዎች ጋር አስተያየ። ዓይነ ምድራቸውና የመኝታቸው አቧራ ተመረመረ። ሁክዎርም የተባለው ደም መጣጭ የአንጀት ትል በብዛት ያለበት ሰው ደረቱ ሲር ሲር የሚልበት ጊዜ አነስተኛ ሆኖ ተገኘ። ይህ ትል እርጥብና ጥላ ያለበትን አፈር ይወዳል፤ ወደ ሰውም የሚገባው በባዶ እግር በኩል ነው። በአጋሮና በጌራ የቡና ጥላ ሥር የተመላለሰ ሰው ምን ዓይነት አፈር እንደ ሆነ ያውቃል።

ለዚህ ምክንያት ይሆናል ተብሎ የተጠራው ኢንተርሉኪን 10 ነው። ይኸውም ነጭ የደም ሕዋሳት እርስ በርሳቸው መልእክት የሚለዋወጡበት ፕሮቲን ሲሆን፥ በ1989 ዓ.ም. በአሜሪካ የቲም ሞስማን ጓደኞች አገኙት። ሌሎቹ መልእክተኞች ሰውነትን ለጦርነት ሲቀሰቅሱ እርሱ «በቃ» ይላል። በ2000 ዓ.ም. በጋቦን አገር ቢልሃርዚያ የያዛቸው ልጆች ሲመረመሩ፥ ሕዋሶቻቸው ይህን ፕሮቲን በብዛት የሚያወጡት ልጆች ቆዳቸው ለቅንቅኒቱ ብዙ አያብጥም ነበር።

ነገር ግን ከዚህ ላይ መጠንቀቅ ያሻል። የጋቦኑ ልጅ ቆዳውም ዝም ብሏል፤ የጅማው ገበሬ ግን ቆዳው እያበጠ ደረቱ ነው ዝም ያለው። ሁለቱን በአንድ ፕሮቲን መፍታት ለእኔ ችኮላ ይመስለኛል።

ፕሮቲኑ ኃይለኛ መሆኑ ግን አያጠራጥርም። በ2009 ዓ.ም. እንደ ተገለጸው፥ የዚህን ፕሮቲን መልእክት የሚቀበለው የሕዋስ ክፍል በውርስ የተበላሸባቸው ሕፃናት አንጀታቸው በከባድ ብግነት ይቆስላል። ትሉን ራሱን መድኃኒት ለማድረግም ተሞክሮአል፤ በእንግሊዝ አገር በኖቲንግሃም ለአስም ሕመምተኞች ዐሥር ዐሥር የሁክዎርም እጭ በቆዳቸው በኩል ተሰጥቶ፥ በ2010 ዓ.ም. በወጣው ውጤት መሠረት በሽታቸው ይህ ነው የሚባል መሻሻል አላሳየም። በጅማ ገጠር ትሉ የሚገባው በዐሥር ተቈጥሮ አይደለም፤ ከልጅነት ጀምሮ ነው፤ ደምም ያሳጣል።