ባለሙያው ሲለቅ ለመሥሪያ ቤቱ ምን ይቀራል? ስለ «ስክሪፕት» አጻጻፍ ከቀጨኔ

በአዲስ አበባ በሚገኙ አነስተኛና መካከለኛ መሥሪያ ቤቶች የኮምፒውተር ሥርዓቱን የሚያስተዳድረው ባለሙያ ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው ነው። ጠዋት ሲገባ ሰርቨሩ መሥራቱን ያያል፣ ዲስኩ ምን ያህል ቦታ እንደቀረው ይመለከታል፣ የትናንቱ ባክአፕ መወሰዱን ያረጋግጣል፣ አዲስ ሠራተኛ ከተቀጠረ የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ይሰጠዋል፣ የለቀቀም ካለ ይዘጋበታል። በማግሥቱም እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ ሥራ ቀላል ነው፤ ችግሩ በየቀኑ ሳይዛነፍ መደገም ያለበት መሆኑ ላይ ነው። ሰው ደግሞ ይረሳል፣ ይታመማል፣ የዓመት ፈቃድ ይወጣል።

ሥራም ይለቃል። ከዓመታት በፊት ቅርበት በነበረኝ አንድ መሥሪያ ቤት ብቸኛው የኮምፒውተር ባለሙያ ወደ ውጭ አገር ሄደ። ወሩ ሊያልቅ ሲል የደመወዝ መመዝገቢያው ያለበት ዲስክ ተበላሸ። ባክአፕ ሲወሰድ እንደነበር ሁሉም ያውቃል፤ የትኛው ዲስክ ላይ እንዳለና እንዴት እንደሚመለስ የሚያውቅ ግን አልነበረም። ሰውየው ሁሉንም በእጁና በትዝታው ይሠራ ስለነበር በጽሑፍ ያስቀረው አንድም ነገር አልተገኘም። እሱ በስልክ እስኪገኝ ድረስ የሠራተኛው ደመወዝ ዘገየ። እኔ ስክሪፕት መጻፍ መማር የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

«ስክሪፕት» ማለት በኪቦርድ አንድ በአንድ የምንጽፋቸውን ትዕዛዞች በቅደም ተከተል ያሰፈርንበት ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ትዕዛዞቹን እያነበበ የሚያስፈጽመው ፕሮግራም «ሼል» ይባላል። ስቲቨን ቦርን በቤል ላብራቶሪ የሠራው ሼል እ.ኤ.አ. በ1979 ከሰባተኛው የዩኒክስ እትም ጋር ወጣ። ብሪያን ፎክስ እ.ኤ.አ. በ1989 ለግኑ ፕሮጀክት ያወጣው «ባሽ» ደግሞ የዚያ ተከታይ ሲሆን፣ ዛሬም በአብዛኞቹ የሊኑክስ ሰርቨሮች ላይ ይገኛል። በዊንዶውስ በኩል ፓወርሼል እ.ኤ.አ. በ2006 ወጥቷል፤ ከ2016 ወዲህም በሊኑክስ ላይ ይሠራል። ከዚህ በታች የምለው በባሽ ላይ የተመሠረተ ቢሆንም አብዛኛው ለፓወርሼል ተጠቃሚም ይሆናል።

የምኖረው በጉለሌ ክፍለ ከተማ ቀጨኔ ነው፤ የተማርኩትም ማታ ማታ ከሥራ መልስ እዚያው ቤቴ ሊኑክስ በጫንኩበት አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ነው። ቀጨኔ በሸክላና በሽመና የታወቀ ሰፈር በመሆኑ የዚህን ሥራ ጠባይ ለጎረቤት ማስረዳት አይከብድም። ሸማኔው የትኛው ድር እንደሚነሳ፣ የትኛው ቀለም በስንተኛው ውርወራ እንደሚገባ በጭንቅላቱ ይዞታል፤ ጥለቱ የሚወጣው ከዚያ ነው። ጆሴፍ ማሪ ዣካር የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1804 ይህንኑ ቅደም ተከተል በተበሳ ካርቶን ላይ አስፍሮ መሸመኛው ካርቶኑን እየተከተለ እንዲሠራ አደረገ። ቻርልስ ባቤጅም ላቀደው የስሌት መኪና የተበሳውን ካርድ የወሰደው ከዚሁ መሸመኛ ነው። በእጅ የተሠራው ጥለት ይበልጣል የሚለውን ክርክር ለጎረቤቶቼ እተወዋለሁ፤ የእኔ ሰርቨር ግን ውበት አያስፈልገውም።

ለጀማሪ የምሰጠው ምክር አንድ ሳምንት ሙሉ በየቀኑ የሚደጋግመውን ሥራ በወረቀት እንዲመዘግብ ነው። ከዚያ አጭሩን ይምረጥ። የእኔ የመጀመሪያ ስክሪፕት የዲስክ ቦታን የሚያሳየውን «ዲኤፍ» የተባለ ትዕዛዝ ጠርቶ፣ ከመቶ ዘጠና በላይ የሞላ ዲስክ ካገኘ ኢሜይል የሚልክ፣ ከአሥር መስመር ያነሰ ፋይል ነበር። አሠራሩም ትዕዛዙን መጀመሪያ በእጅ መሞከር፣ ሲሠራ ወደ ፋይሉ መገልበጥ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው መሄድ ነው። በፋይሉ ውስጥ የሞባይል ሒሳብ ስንጠይቅ «መሰላል» በምንላት ምልክት (#) የሚጀምር መስመር ለአንባቢ የተተወ ማስታወሻ ነው፤ ሼሉ ይዘለዋል። የመጀመሪያው መስመር ብቻ የተለየ ነው፤ ከመሰላሉ ቀጥሎ ቃለ አጋኖና የሼሉ አድራሻ ይገባበትና ፋይሉን የትኛው ሼል እንደሚያነበው ይገልጻል። ማስታወሻዎቹን በአማርኛ መጻፍ ይቻላል፤ እኔም የምጽፈው በአማርኛ ነው።

የዩኒክስ ትልቁ ሐሳብ ትንንሽ ትዕዛዞችን እንደ ቧንቧ ማቀጣጠል ነው። ይህን ያቀረበው ዳግ ማክልሮይ ሲሆን በሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ለምሳሌ «ግሬፕ» ከመግቢያ መዝገቡ ውስጥ ያልተሳኩ ሙከራዎችን ይለቅማል፣ ሌላው አድራሻውን ብቻ ያወጣል፣ «ሶርት» ይደረድራል፣ «ዩኒክ» የተደጋገመውን ይቆጥራል። አራት ትዕዛዝ፣ አንድ መስመር። ሰርቨርዎ ከኢንተርኔት ጋር በቀጥታ የተገናኘ ከሆነ ውጤቱን ሲያዩ ሳይደነግጡ አይቀሩም።

ስክሪፕቱን በተወሰነለት ሰዓት የሚያስነሳው «ክሮን» ነው። በመማሪያ መጻሕፍት የማይገኘው የእኛ አገር ጣጣ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። ባክአፑ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እንዲወሰድ የፈለገ ሰው 8 ብሎ ቢጽፍ፣ ክሮን የሚረዳው በፈረንጅ አቆጣጠር ነውና ሥራው የሚጀመረው ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ሠራተኛው ቢሮ ሲገባ ነው። መጻፍ ያለበት 2 ነው። ሰርቨሩ ውጭ አገር የተከራዩት ሆኖ በዓለም አቀፉ የጊዜ መለኪያ (ዩቲሲ) የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ከእኛ በ3 ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። ያኔ ያ 8 ከረፋዱ 5 ሰዓት ይሆናል፤ ለሌሊቱ 8 ሰዓት መጻፍ ያለበትም 23 ነው። በዚህ ጊዜ ቀኑም አብሮ ይዞራል፤ የሰኞ ሌሊት ባክአፕ በሰርቨሩ ዘንድ ገና እሑድ ስለሆነ በፋይሉ ስም ላይ የሚጻፈው የእሑድ ቀን ነው። ስለዚህ ሰርቨር እንደተረከቡ መጀመሪያ የሚታየው የሰዓት ክልሉ ነው።

ወሩ ከሰዓቱ ይብሳል። ክሮን መስከረምን አያውቅም። ኮምፒውተሩን ወደ አማርኛ ቢያዞሩትም የፈረንጅ ወሮችን ስም በእኛ ፊደል ይጽፋል እንጂ አቆጣጠሩን አይለውጥም። ወር መዝጊያ ሥራን በቀን ቁጥር ማሰር አያዋጣም። ሐምሌ 1 ሁልጊዜ ጁላይ 8 ነው፤ መጋቢት 1ም ሁልጊዜ ማርች 10። መስከረም 1 ግን ሴፕቴምበር 11 ሲሆን፣ ጳጉሜን 6 ቀን በሆነች ማግሥት ወደ 12 ይሸጋገራል፤ ከመስከረም እስከ የካቲት ያሉት ወራትም አብረው በአንድ ቀን ይንሸራተታሉ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ እንዲህ ሆኗል፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለችው ባለስድስት ጳጉሜን የ2019 ዓ.ም. ናት።

መፍትሔው ስክሪፕቱን በየቀኑ አስነስቶ ቀኑን ራሱ እንዲያሰላ ማድረግ ነው። የእኛ አቆጣጠር ደግሞ ለስሌት ከፈረንጁ የቀለለ ነው። ሊኑክስ ጊዜን የሚቆጥረው ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1970) ጀምሮ በሰከንድ ነው። በዚያ ቁጥር ላይ የ3 ሰዓት ልዩነታችንን 10,800 ሰከንድ ይጨምሩና ለ86,400 ያካፍሉ፤ ድርሻው ያለፉት ቀናት ብዛት ነው። 842 ሲጨመርበት ከመስከረም 1 ቀን 1960 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው ቀን ይሆናል። ይህን ለ1,461፣ ማለትም ለአራት ዓመት ቀናት ያካፍሉ። ድርሻው በ4 ተባዝቶ 1960 ላይ ይደመራል። ቀሪውን ለ365 ያካፍሉና ድርሻውን በዓመቱ ላይ ይጨምሩ፤ ድርሻው 4 ከመጣ ግን 3 ብለው ይያዙት፤ ይህ የሚያጋጥመው በጳጉሜን 6 ብቻ ነው። የተያዘው ድርሻ በ365 ተባዝቶ ከቀሪው ሲቀነስ የሚተርፈውን ለ30 ያካፍሉ፤ ድርሻው ሲደመር 1 ወሩን፣ ቀሪው ሲደመር 1 ቀኑን ይሰጣል። ባሽ ይህን ሁሉ በስድስትና በሰባት መስመር ይጨርሰዋል። ቀኑ 30 ከሆነ ወር ይዝጋ፣ ካልሆነ ዝም ብሎ ይውጣ።

መብራትን በተመለከተ፣ ክሮን ማሽኑ ጠፍቶ ያለፈውን ሥራ አያካክስም። ማታ ማታ ኮምፒውተር በሚያጠፉ ቢሮዎች «አናክሮን» የተባለው ይሻላል፤ ማሽኑ ሲነሳ ያመለጠውን የዕለት ሥራ አይቶ ይጀምረዋል። ሌላው ጥንቃቄ ባክአፑን በጊዜያዊ ስም እየጻፉ ሲያልቅ ብቻ ትክክለኛውን ስም መስጠት ነው። መብራት መሀል ላይ ቢሄድ በግማሽ የተጻፈው ፋይል ሙሉ መስሎ አይቀመጥም። በዘገምተኛ መስመር ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ለሚልኩ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው «አርሲንክ» የተለወጠውን ክፍል ብቻ ስለሚያሻግር ባለውለታ ነው።

የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ከገባ ወዲህ በሼል ውስጥ አማርኛ መፈለግ ይቻላል። ሆኖም ኮምፒውተሩ «ኃይለ»፣ «ሃይለ»፣ «ሀይለ» እና «ሐይለ» አንድ ስም መሆናቸውን አያውቅም። ለግሬፕ [ሀሃሐሓኀኃ]ይለ ብለው በማዕዘን ቅንፍ ካልሰጡት የደመወዝ ዝርዝሩ ላይ ግማሹን ሰው ያልፈዋል። በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ የቀድሞ ፎንቶች የተጻፉ ፋይሎች ደግሞ ለሼሉ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ናቸውና መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ መገልበጥ አለባቸው። ለፋይል ስምም ገደብ አለ። እያንዳንዱ ፊደላችን ሦስት ባይት ስለሚይዝ የተለመደው የ255 ባይት ጣሪያ ለእኛ 85 ፊደል ብቻ ነው። የደብዳቤ ርዕስ ሙሉውን የፋይል ስም የማድረግ ልማድ ላለው ጽሕፈት ቤት ይህ ብዙ አይደለም።

አደጋውን ሳልጠቅስ አላልፍም። ስክሪፕት ትክክለኛውን ነገር በሺህ ፋይል ላይ እንደሚደግም ሁሉ ስህተቱንም ይደግማል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2015 «ስቲም» የተባለው የጨዋታ ማከፋፈያ የሊኑክስ ስክሪፕት የፎልደሩ አድራሻ ባዶ ሆኖበት «ከዚህ ፎልደር በታች ያለውን አጥፋ» የሚለው ትዕዛዝ «ከሥር ጀምሮ ሁሉንም አጥፋ» ሆነና የተጠቃሚዎች ፋይል ጠፋ። መከላከያው ባዶ ተለዋዋጭ ሲያገኝ ሼሉ እንዲቆም ማዘዝ፣ ስሞችን ሁልጊዜ በትምህርተ ጥቅስ ማቀፍ፣ ማጥፊያ ትዕዛዝንም መጀመሪያ እንዲያጠፋ ሳይሆን ሊያጠፋ ያሰበውን በስክሪን እንዲጽፍ ማድረግ ነው። «የደመወዝ መዝገብ» የሚባል ባለክፍተት ስም ያለ ጥቅስ ለሼሉ ሁለት ፋይል ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ጊትላብ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 አንድ የኩባንያው ባለሙያ ተጠባባቂውን ዳታቤዝ ያጸዳሁ ብሎ ዋናውን አጠፋ። ወደ ባክአፑ ሲሄዱ ባክአፑ አልነበረም። የሚወስደው ትዕዛዝ በዳታቤዙ እትም አለመጣጣም ምክንያት ሳይሠራ ቆይቷል፤ ውድቀቱን የሚያሳውቀው ኢሜይልም አይደርስም ነበር። የስድስት ሰዓት ያህል መረጃ ጠፋ። ኩባንያው ሁሉንም በይፋ በማውጣቱ ይመሰገናል። ከዚህ ተነስቼ የማደርገው ስክሪፕቱ ሲወድቅ ብቻ ሳይሆን ሲሳካም የባክአፑን መጠን ጠቅሶ እንዲጽፍልኝ ነው። መልእክቱ በቀረበት ቀን ችግር አለ ማለት ነው።

ለመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች የምለው ደግሞ አለኝ። ባለሙያው ስክሪፕት እንዲጽፍ ጊዜ ከሰጡት ጽሑፉ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነው፤ በአንድ ፎልደር ተሰብስቦ፣ ታትሞም ከቢሮው ውጭ ይቀመጥ። የይለፍ ቃል በስክሪፕቱ ውስጥ መጻፍ የለበትም፤ ባለቤቱ ብቻ በሚያነበው ሌላ ፋይል ይሁን። በዓመት ሁለት ጊዜም ከባለሙያው ሌላ ሰው በማስታወሻው ብቻ እየተመራ አንድ ባክአፕ በባዶ ማሽን ላይ ይመልስ። ሳያስረዱት ከተሳካለት ስክሪፕቱ በትክክል ተጽፏል።

ዛሬ ስክሪፕት የሚጽፉ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳቶች አሉ፤ እኔም እጠቀምባቸዋለሁ። የ3 ሰዓቱን ልዩነትና ጳጉሜንን ግን ካልነገሯቸው አያስቡትም፤ የማይገባዎትን መስመርም በዋናው ሰርቨር ላይ ማስኬድ ተገቢ አይደለም። ደግሞም ሁልጊዜ አይገኙም። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት በአገሪቱ ለሳምንታት ተቋርጦ በነበረበት ወቅት ቀጨኔ ቤቴ የነበረኝ መምህር በማሽኑ ውስጥ የተቀመጠው መመሪያ ብቻ ነበር። «ማን» ብለው የትዕዛዙን ስም ሲያስከትሉ ይከፈታል። የባሽ መመሪያ ረጅም ስለሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ አይመከርም፤ የክሮንታብ አምስተኛ ክፍል አጭር ነው፣ በአንድ ምሽት ያልቃል።