ከሣር ክዳን እስከ ጥቅል ላሜራ፤ የቆርቆሮ የጎን ጥመት አጭር ታሪክ

በምዕራብ ጎጃም መኸሩ ተሰብስቦ አውድማው ሲጸዳ የቤት ሥራ ወራት ይጀመራል። በፍኖተ ሰላም ዙሪያ በጃቢ ጠህናንም ሆነ በቡሬ ገጠር፣ እህሉን ሸጦ ጥቂት ገንዘብ የቋጠረ ገበሬ አስቀድሞ ከሚያስባቸው ነገሮች አንዱ የሣር ክዳኑን አውርዶ ቤቱን በቆርቆሮ መክደን ነው። ቆርቆሮው ለእርሱ የዓመታት ጥሪት ነው። ጣሪያው ተመትቶ ካለቀ በኋላ ግን አንዳንድ ጊዜ አንድ እንከን ይታያል፤ የአንዱ ቆርቆሮ ጠርዝ በአንድ ጫፍ ከጎረቤቱ ላይ በሚገባ ተደርቦ ሳለ በሌላው ጫፍ ይሸሻል። ክረምት ሲገባም ውሃው በዚያች ክፍተት ይወርዳል። ባለቤቱ አናጢውን፣ አናጢው ነጋዴውን፣ ነጋዴው ፋብሪካውን፣ የፋብሪካው ኃላፊ ደግሞ በመኪናው አጠገብ የቆመውን ሠራተኛ ይወቅሳል።

የዚህ እንከን ስሙ የጎን ጥመት ነው። ይኸውም ላሜራው በጠፍጣፋ ወለል ላይ ሲዘረጋ፣ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሳይጎብጥ፣ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ እንደ ማጭድ መቀልበሱ ነው። የቆርቆሮን ታሪክ የተከታተለ ሰው፣ ወቀሳው ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ከእንከኑ መነሻ ርቆ እንደሆነ ይገነዘባል።

አጭሩ ቆርቆሮ

ባለ ሞገድ የብረት ላሜራ የፈጠራ መብት የተሰጠው በ1829 እ.ኤ.አ. ለሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር ነው፤ እርሱም በለንደን የመርከብ ወደብ ኩባንያ መሐንዲስ ነበር። ቀጭን ላሜራ በሞገድ መልክ ሲታጠፍ ክብደቱ ሳይጨምር ጥንካሬው በብዙ እጥፍ ያድጋል። በ1837 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፈረንሳዊው ስታኒስላስ ሶሬል ብረትን በቀለጠ ዚንክ ነክሮ ከዝገት የመጠበቅን ዘዴ በስሙ አስመዘገበ። ከሁለቱ ሐሳቦች ጋብቻ ዛሬ በየመንደሩ የሚታየው ቆርቆሮ ተወለደ።

በዚያ ዘመን ላሜራ አንድ በአንድ ይዳመጥ፣ አንድ በአንድ ይታጠፍ፣ አንድ በአንድም በዚንክ ይነከር ነበር። ጠማማ የሆነው ተለይቶ ይጣላል ወይም በመቀስ ይስተካከላል። ስለሆነም የጎን ጥመት የአንድ ቁራጭ እንከን እንጂ የአንድ ሙሉ ምርት በሽታ አልነበረም።

ቆርቆሮ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አዲስ አበባ መግባት ጀመረ። የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ የከተማይቱ ጣሪያዎች መልካቸውን ለወጡ። ከዓባይ ማዶ ያለው ጎጃም ግን ለረጅም ጊዜ ከሣር ክዳን ጋር ኖረ፤ ክብ ቤተ ክርስቲያኖቹ እንኳ የሣር ክዳናቸውን በቆርቆሮ የለወጡት ቀስ በቀስ ነው። ከመኪና መንገድ ወዲያ ያለው ጉዞ በአጋሰስና በሰው ትከሻ ስለነበረ፣ ሊጓዝ የሚችለው አጭሩ ቆርቆሮ ብቻ ነው። 2 ሜትር ገደማ የሆነው ቆርቆሮ እስከ ዛሬ በገጠሩ ገበያ መወደዱ ያለ ምክንያት አይደለም።

የዚህ አጭርነት ጥቅም በሒሳብ ይገለጣል። አንድ ላሜራ በእኩል ቅስት የጠመመ እንደሆነ፣ ከቀጥታው መስመር የሚርቅበት ልክ የሚያድገው በርዝመቱ ሳይሆን በርዝመቱ ካሬ ነው። ኢ.ኤን. 10143 የተባለው የአውሮፓ ደረጃ በዚንክ ለተለበጠ ላሜራ የሚፈቅደው የጎን ጥመት በ2 ሜትር ርዝመት ቢበዛ 5 ሚሊሜትር ነው። ይህ በ2 ሜትር ቆርቆሮ ላይ በድርቡ ሥር ተሸፍኖ የሚቀር ነው። ያው ቅስት በ6 ሜትር ቆርቆሮ ላይ 45 ሚሊሜትር፣ በ12 ሜትር ላይ ደግሞ 180 ሚሊሜትር ይሆናል። በደረጃው ወሰን ውስጥ ያለ ላሜራ እንኳ ሲረዝም ጣሪያ ሊያበላሽ ይችላል ማለት ነው።

ረጅሙ ላሜራ

ርዝመት የመጣው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በ1924 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አገር በኬንታኪ ክፍለ ግዛት፣ በአሽላንድ ከተማ፣ ጆን በትለር ታይተስ የብረት ላሜራን ሳያቋርጥ በተከታታይ የሚዳምጥ ፋብሪካ ሥራ አስጀመረ። በ1930ዎቹ ደግሞ ፖላንዳዊው ታዴዉሽ ሴንጂሚር ጥቅሉ እየተፈታ ሳያቋርጥ በዚንክ የሚለበጥበትን ዘዴ በሥራ ላይ አዋለ። ከዚህ በኋላ ላሜራ ቁራጭ መሆኑ ቀርቶ ጥቅል ሆነ። ጥቅሉን በአንድ በኩል ተቀብሎ፣ በተከታታይ ጥንድ ሮለሮች መካከል እያሳለፈ ጥቂት በጥቂት የሚያጥፍ መኪናም ተስፋፋ።

በአገራችንም በአቃቂና በቃሊቲ አካባቢ የተቋቋሙ ፋብሪካዎች ከውጭ አገር የሚመጣውን ጥቅል እየፈቱ ቆርቆሮና ልዩ ልዩ ቅርጽ ያለው ብረት ማምረት ያዙ። የገዢውም ፍላጎት ተለወጠ። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የቡሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለአካባቢው የአዲስ ዘመን ምልክት ነው። ለመጋዘንና ለማምረቻ አዳራሽ ከክፈፍ እስከ ጣሪያ አናት ያለ መቀጣጠያ የሚደርስ ቆርቆሮ ይመረጣል፤ መጋጠሚያው ባነሰ መጠን የሚያፈስሰውም ቦታ ያንሳልና። እንዲህ ሆኖ በአጭሩ ቆርቆሮ ዘመን ተሸፍኖ የኖረው ጥመት በረጅሙ ላይ ፊት ለፊት ወጣ።

ጥመቱ የሚወለድበት ስፍራ

የጠመመ ላሜራ ማለት አንዱ ጠርዙ ከሌላው የረዘመ ላሜራ ማለት ነው። ልዩነቱ ዓይን የማያየው ነው፤ 20 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ጥብጣብ በ2 ሜትር ውስጥ 2 ሚሊሜትር ቢጠምም፣ በሁለቱ ጠርዞቹ መካከል ያለው የርዝመት ልዩነት 1.6 ሚሊሜትር ብቻ ነው።

ይህ ልዩነት ብዙ ጊዜ የሚወለደው ገና ብረቱ ሲዳመጥ ነው። የመዳመጫው ክፍተት በአንድ ወገን ጠበብ ካለ፣ በዚያ ወገን ያለው ብረት ይሳሳል፤ የሳሳውም ይረዝማል። ሁለተኛው ስፍራ ሰፊው ጥቅል በየስፋቱ የሚሰነጠቅበት ነው። ሰፊ ላሜራ አብዛኛውን ጊዜ ከመሐሉ ወፍራም፣ ከጠርዙ ሳሳ ያለ ነው፤ በውስጡም እርስ በርሱ ተያይዞ የተገታ ውጥረት አለ። ሲሰነጠቅ ውጥረቱ ይፈታል፤ በተለይ ከዳርና ከዳር የተቆረጡት ጥብጣቦች ወደ ጎን ይቀለበሳሉ። የደነዘ ወይም ያለ ልክ የታሰረ ምላጭም ጠርዙን እየጎተተ ጥመት ይጨምራል።

ሦስተኛው ስፍራ ራሱ የማጠፊያው መኪና ነው። ሮለሮቹ በግራ በኩል ከቀኙ ይልቅ ከጠበቁ፣ የግራው ጠርዝ ተጨፍልቆ ይረዝማል፤ ቆርቆሮውም ወደ ቀኝ ይዞራል። ከጥንዶቹ አንዱ ከመሐል መስመር ወጥቶ እንደሆነ፣ ወይም የመግቢያው መሪ ላሜራውን በሰያፍ የሚያስገባ እንደሆነ ውጤቱ ተመሳሳይ ነው። ከአንድ ወገን ብዙ፣ ከሌላው ወገን ጥቂት መታጠፊያ ያለው ቅርጽም በተፈጥሮው ወደ ጎን ያደላል።

የምርመራው ሥርዓት

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ጥመቱ ከጥቅሉ መጣ ወይስ ከመኪናው የሚለው ነው። ልማዱ ግን ሳይጠይቁ መፍቻ ማንሳት ነው። ጠማማ ጥቅል ሲመጣ የአንድ ወገን ሮለር ይጠብቃል፤ ቆርቆሮውም ለጊዜው የቀና ይመስላል። ቀጥሎ ቀጥ ያለ ጥቅል ሲገባ ጠምሞ ይወጣል፤ መፍቻውም እንደገና ይነሣል። እንዲህ እያለ መኪናው በጥቅሎች እንከን ልክ ተጣሞ ይቀራል፤ የመጀመሪያው ልኩም ይጠፋል።

ትክክለኛው መንገድ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። አስቀድሞ ከጥቅሉ ጥቂት ሜትር ተፈትቶ በወለል ላይ ይዘረጋል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲባጎ ይወጠርና በመሐል ላይ ጠርዙ ከሲባጎው የራቀበት ይለካል። የሁለቱም ጠርዝ ውፍረት በማይክሮሜትር ይለካል። ቀጥሎ ከዚያው ጥቅል ሁለት እኩል ቁራጭ ተቆርጦ፣ አንዱ በተፈታበት አቅጣጫ፣ ሁለተኛው የላይ ፊቱ ሳይገለበጥ በኋለኛው ጫፉ ቀድሞ ወደ መኪናው ይገባል። ከመኪናው ሲወጡ ሁለቱም ወደ አንድ ጎን ከዞሩ ጥፋቱ የመኪናው ነው። አንዱ ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ ከዞረ የጥቅሉ ነው። ወደ አንድ ጎን ዞረው መጠናቸው ከተለያየ ግን ሁለቱም ተካፋዮች ናቸው።

ጥፋቱ የመኪናው ሆኖ ከተገኘ፣ ከመጀመሪያው ጥንድ ተጀምሮ የግራና የቀኝ ክፍተት በየተራ ይለካል፤ የሁሉም ጥንድ መሐል በተወጠረ ሽቦ ይመረመራል። በመውጫው ላይ ያለው ማቅኛ የሚነካው በመጨረሻ ነው፤ ማቅኛ ለተረፈው ጥቂት ጥመት እንጂ ለተሳሳተ አሠራር መሸፈኛ አይደለምና። ጥፋቱ የጥቅሉ ከሆነ ደግሞ የመግቢያ መሪውን ማጥበቅ ጠርዙን ከመሸብሸብ በስተቀር ፋይዳ የለውም። ያ ጥቅል ለአጭር ቆርቆሮ ይመደባል፤ ልኬቱም ተመዝግቦ ለሻጩ አቤቱታ ይቀርብበታል።

በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ጥቅል በመኪናው ውስጥ ካለፈ በኋላ ጠማማነቱ ቢታወቅ ብረቱም፣ ድካሙም፣ የሠራተኛውም ስም አብረው ይባክናሉ። ከመግባቱ በፊት ቢለካ ግን የሚጠፋው የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። አባቶች ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። የፓልመር ሐሳብ ከለንደን ወደብ ተነሥቶ የጎጃምን ገበሬ ቤት ለመክደን በቅቷል፤ ያ ቤት በክረምት እንዳያፈስስ ማድረግ ግን በጥቅሉ ራስ ላይ ሲባጎ የሚወጥረው ባለሙያ ድርሻ ነው።